ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደሴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። ከ7 ዓመት በፊት የገዛነው ላፕቶፕ አለን። ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ልጆቼ ይማሩበታል፣ እኔም የፈተና ወረቀት አዘጋጅበታለሁ። ድሮ ቶሎ ይከፈት ነበር። አሁን ጠዋት አብርቼው ቡና ቆልቼ እስክመለስ አይነሳም፤ ባለፈው በሰዓት ስይዘው 8 ደቂቃ ፈጀ። ፓስወርድ ካስገባሁ በኋላ ይብሳል፣ ማውሱ ይንቀሳቀሳል እንጂ የነካሁት ነገር ሁሉ ስታክ ያደርጋል። ባትሪው ስለሞተ ሁሌም ቻርጀሩ እንደተሰካ ነው የምንጠቀመው። ጥገና ቤት ስወስደው "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ" አሉኝ። ላስደርገው ወይስ ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ይተዉት።

ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ እኛ አገር ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ቀረፈፈ? ፎርማት። ድምፅ አልሰማ አለ? ፎርማት። ይሄ ነገር የሚያንገበግበኝ ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። ከዓመታት በፊት የኔም ላፕቶፕ እንደርስዎ ሲጎተትብኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ሳይመረምሩ ፎርማት አደረጉት፣ ዴስክቶፑ ላይ የነበሩት የእናቴ ፎቶዎችም አብረው ጠፉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ማሽኑ ወደ ድሮው ተመለሰ። በሽታው ዊንዶውሱ ላይ አልነበረም፣ ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነበር። ዲስኩን ገልጦ ያየው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዛሬውኑ የፈተና ወረቀቶቹን፣ የልጆቹን ፎቶ፣ የሚሳሱለትን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው፤ እሱ ከሌለ ትልቅ ፍላሽም ይበቃል። ቀርፋፋ ስለሆነ ሊያድር ይችላል። ይደር። የቀረውን ከዚያ በኋላ ይሞክሩት።

አሁን የት ላይ እንደሚቆይ እንይ። የአምራቹ ምልክት ላይ፣ ገና የዊንዶውስ ነጠብጣቦች መዞር ሳይጀምሩ ብዙ የሚቆይ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከዊንዶውስ በፊት ነው፤ አንዳንዴ የተረሳ ፍላሽ ተሰክቶ ይገኛል፣ ማሽኑ ከሱ ልነሳ እያለ ነው የሚደክመው። ንቀሉትና እንደገና ያስነሱት። እርስዎ እንደጻፉልኝ ግን የሚብሰው ከፓስወርድ በኋላ ነው፤ እዚያ ላይ የምንጠረጥራቸው ሁለት ናቸው፣ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችና ዲስኩ።

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ ከታች "ሞር ዲቴይልስ" የሚለውን ይንኩ። ከላይ "ስታርትአፕ" የሚል አለ፤ እዚያ ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ሁሉ ተዘርዝረዋል፣ በየጎናቸውም ምን ያህል እንደሚያዘገዩ "ሃይ"፣ "ሚዲየም" ወይም "ሎው" ተብሎ ተጽፏል። ቴሌግራም ብዙ ጊዜ እዚያ አይጠፋም። የፕሪንተር ረዳት፣ ልጆቹ ያወረዱት የጨዋታ ፕሮግራምም ይኖራል። ጠዋት ጠዋት የማይፈልጉትን በቀኝ ክሊክ "ዲሴብል" ያድርጉት። ይሄ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፣ ሲፈልጉት ራስዎ ይከፍቱታል። በአማርኛ የሚጽፉበትን ፕሮግራም ግን አይንኩት፣ አለበለዚያ ነገ ፈተና ሊጽፉ ሲሉ ፊደሉ እምቢ ይልዎታል። የአንቲቫይረሱንም እንዳለ ይተዉት። ሁለት አንቲቫይረስ ካለ ግን አንዱን በደንብ ከማሽኑ ያስወጡት፣ ሁለቱ አንድ ፋይል ላይ ሲሻሙ ማሽኑ ነው የሚታነቀው፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ የራሱ አለው።

ቀጥሎ እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ "ፐርፎርማንስ" ውስጥ ገብተው "ዲስክ" የሚለውን ይዩ። ልብ ብለው ይዩት፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ ለብዙ ደቂቃ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ከሆነ፣ ጎኑ ላይም "ኤችዲዲ" የሚል ካለ፣ ምክንያቱን አገኘነው ማለት ይቻላል። ኤችዲዲ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፤ የላፕቶፕ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፣ ላዩ ላይ ደግሞ መረጃውን የምታነብ ቀጭን ክንድ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አንድ ትልቅ ፊልም ስትገለብጥ ደህና ትሠራለች። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ከየቦታው ነው የሚጠራው። መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል ከየመደርደሪያው በየተራ የሚያመጣ አንድ ሠራተኛ ያስቡ፤ ቢሮጥም አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ በሴኮንድ እንዲህ የተበታተኑ ፋይሎችን 100 ያህል ብቻ ነው ማምጣት የሚችለው። የሚዞር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ግን በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ያመጣል። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው።

ጤንነቱንም ያስፈትሹ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ሲከፍቱት ዲስኩ ደህና ከሆነ ሰማያዊ፣ መጠርጠር ካለበት ቢጫ፣ ካበቃለት ቀይ ያሳያል። ቢጫም ሆነ ቀይ ከሆነ ዲስኩን ለመጠገን አይድከሙ፣ መቀየር ብቻ ነው።

የባትሪውንም ነገር ቀላል አድርገው አይዩት። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ እየጻፈ እያለ ድርግም ይላል፣ በጽሑፍ ላይ የነበረው ፋይል ሳይዘጋ ይቀራል፤ ያ ሲደጋገም የዊንዶውሱ ፋይሎች ይበላሻሉ፣ ሲነሳም መጀመሪያ ዲስኩን ልፈትሽ እያለ ጊዜ ይፈጃል። ባትሪ ይቀይሩለት። ካልተገኘ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ቢኖረው ይመከራል።

እንግዲህ እኔ በርስዎ ቦታ ብሆን ለአዲስ ላፕቶፕ ገንዘብ አላወጣም። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ እገዛለሁ፣ ሁለት ነጥብ 5 ኢንች የሚባለው ብዙውን ጊዜ የድሮው ሃርድ ዲስክ ቦታ ላይ በልኩ ይገባል፤ ቦታ ካለው ደግሞ ራሙን፣ ማለትም ማሽኑ ለጊዜው የሚሠራበትን ሜሞሪ፣ ወደ 8 ጊጋ አሳድጋለሁ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኤስኤስዲው ይቅደም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ የሚጫነው ያኔ ነው፣ በአዲሱ ዲስክ ላይ፣ አሮጌው ሳይነካ። ጥገና ቤቱን "አሮጌውን ዲስክ መልሱልኝ" ይበሏቸው፣ እንዳይረሱ። ደህና ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ (የዲስክ ሳጥን) ውስጥ ገብቶ ፋይል ማስቀመጫ ይሆንልዎታል። ዊንዶውሱንም ክራክ በሚባለው ማስከፈቻ እንዳይጭኑልዎ ይንገሯቸው፤ ቫይረስ ብዙ ጊዜ በዚያ በር ነው የሚገባው።

ሳልረሳው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ይቀበል እንደሆነ ዲስኩ ሲቀየር አብረው ያስጠይቁ፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ግን 11ን አልመክርዎትም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ አዳማ ነኝ። ኮምፒውተሬን ማታ ማታ ሻት ዳውን አደርገዋለሁ፤ ጠዋት ግን ይንቀረፈፋል። ሪስታርት ሳደርገው ይሻለዋል። ሁለቱም መዝጋት አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ አይደሉም ወንድሜ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ "ፋስት ስታርትአፕ" የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትለው የዊንዶውሱን የውስጥ ክፍል እንዳለ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጠውና ጠዋት መልሶ ያነሳዋል፣ ስለዚህ የተበላሸ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ካለ ከነችግሩ አብሮ ያድራል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ነው የሚያስጀምረው። ታስክ ማናጀር ውስጥ "ፐርፎርማንስ" ላይ "ሲፒዩ" የሚለውን ስትነካ "አፕ ታይም" የሚል ታገኛለህ፤ በየማታው እያጠፋኸው ቀናት ቆጥሮ ካገኘኸው ነገሩ ይሄው ነው። በሳምንት አንዴ ሪስታርት አድርገው። ካልተሻለው ኮንትሮል ፓናል ገብተህ "ፓወር ኦፕሽንስ" ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን አጥፍተህ ለሁለት ቀን ሞክረው፤ ለውጥ ካላየህ መልሰህ አብራውና ከላይ ለእህታችን እንዳልኩት ዲስኩን እይ።