መብትና እኩልነትን ለወጣት እንዴት እናስተምር? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ የወጣት ክበብ ለምትመሩ ሁሉ፦ ስለ መብት፣ እኩልነትና ደኅንነት ከልጆቹ ጋር ስለምንሠራው ነገር ጠይቁኝ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ማንንም ልጅ የራሱን ታሪክ እንዲናገር አታስገድዱ።

ከሽምብጥ፦ እትዬ፣ 25 ልጆች አሉን። እኩልነት ሲነሣ ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። በምን እንጀምር?

መልስ፦ በወሬ አትጀምሩ። ሐይቁ ዳር ሰፊ ቦታ ያዙና በአንድ መስመር አቁሟቸው። ለእያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ኑሮ የተጻፈበት ወረቀት ስጡ። ሰው ቤት እየሠራች ማታ የምትማር የ15 ዓመት ልጅ። በዊልቸር የሚሄድ ተማሪ። የደንገል ታንኳ ሠሪ ልጅ። የባለሆቴል ልጅ። ወረቀቱን ለማንም አያሳዩ።

ከዚያ አንድ በአንድ አንብቡ፦ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ብቻዬን ሳልሰጋ ቤቴ እገባለሁ።» «ሲያመኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።» «ትምህርቴን እንደምጨርስ እርግጠኛ ነኝ።» በወረቀቱ ላይ ያለው ሰው «አዎ» የሚል ከሆነ አንድ እርምጃ ወደፊት። አሥር አሥራ ሁለት ሲነበብ የባለሆቴሉ ልጅ ውሃው ጫፍ ደርሷል። ሠራተኛዋ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ያኔ የሚስቅ አይኖርም።

ዋናው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ነው። ጨዋታው 20 ደቂቃ ከፈጀ ውይይቱ 40 ይሁን። ከፊት ያሉትን «ዞር ብላችሁ ያያችሁት መቼ ነው?» በሏቸው። ከኋላ የቀሩትን «ምን ተሰማችሁ?» በሏቸው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 የማነበው ያኔ ነው። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ቀድማችሁ ካነበባችሁት ማንም አይሰማችሁም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ልጅን የራሱን ኑሮ የያዘ ወረቀት አታስይዙት። እኔ አንዴ ሳላጣራ የሠራተኛዋን ወረቀት ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ሰጠሁ። አልቅሳ ሄደች፤ ተመልሳም አልመጣች። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ሁለተኛ፣ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ደንገል ታንኳ ሠሪ ወገኖቻችን ራሳቸውን ነገደ ይላሉ። ወረቀታችሁ ላይ የንቀቱን ስም እንዳትጽፉ።

ከፋሲሎ፦ ለሻይ ቡና በጀት ከየት ይገኛል?

መልስ፦ እሱን አላውቅም። ክፍለ ከተማችሁን ጠይቁ።

ከቀበሌ 14፦ ጥሩ ጥሩ ጨዋታ ቢነግሩን።

መልስ፦ ለስንት ልጅ? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ስለምን ጉዳይ? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል?

ከዘጌ፦ አንዲት የ14 ዓመት ልጃችን ሊድሯት እንደሆነ በሹክሹክታ ነግራናለች። ለውይይት እናቅርበው?

መልስ፦ በፍጹም! ወሬው ማታውኑ ቤቷ ይገባል። መጀመሪያ ለብቻዋ አናግሯት፤ ምን እንደምትፈልግ ስሟት። ከዚያ ከእሷ ጋር ተማክራችሁ ወደ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ሂዱ። ቀኑ ከቀረበ አታመንቱ። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባን ይቀጣል፤ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት። ስለ ሕጉ ለክበቡ በጥቅሉ አስተምሩ። የልጅቱን ስም ግን ማንም አይስማ። ጉዳዩ የእሷ ነው።

ከቀበሌ 14፦ እኔ እኮ ወንድና ሴት አንድ ላይ መቀመጣቸው ነው የማይዋጥልኝ። ስለ ወር አበባ ወንድ ፊት ይወራል?

ከሽምብጥ፦ ለምን አይወራም? በዚህ ዝምታ አይደል እንዴ እህቶቻችን በወር ሦስት አራት ቀን ከትምህርት የሚቀሩት?

ከቀበሌ 14፦ የሚቀሩት ሞዴስ ስለተወደደ ነው። መጀመሪያ እሱን አቅርቡ።

ከፋሲሎ፦ እኛ ጋ ሴቶቹ ከጨርቅ መስፋት ጀምረዋል። ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ውሃ የለም።

መልስ፦ ወደ ጥያቄው ተመለሱ። መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ አድርጉት። ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ ሳጥን ውስጥ ይክተቱ። እናንተ አንብባችሁ መልሱ። የውሃውን ነገር ግን ልጆቹ ራሳቸው ለርእሰ መምህሩ ይጻፉ። መብት ማለት ይኸው ነው።

ከዘጌ፦ ዝም የሚሉትን እንዴት እናናግራቸው?

መልስ፦ ስንት ጊዜ ልበለው? አታስገድዱ! ሲገቡ ስሜታቸውን በጣት ያሳዩ፤ አንድ ከፋኝ፣ አምስት ደህና ነኝ። አንድ ጣት ያሳየችውን ሲበተኑ ለብቻዋ «ደህና ነሽ?» በሏት። ካልመለሰች ተዉአት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግማችሁ ጠይቋት።

ከሽምብጥ፦ የእርምጃውን ጨዋታ ክረምት ሲገባ የት እንሥራው? ዊልቸር የሚጠቀም ልጅም አለን።

መልስ፦ አዳራሽ ውስጥ፣ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። በእርምጃ ፋንታ ጠጠር ይቁጠሩ። እንዲያውም እሱ ልጅ ካለ በጋም ቢሆን በጠጠር አድርጉት።