ሎሚና እሬት በአንድ ጎማ አይጠጡም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተዳቀለ የሎሚ ችግኝ ግቢዬ ውስጥ ተከልኩ። አጠገቡ እሬት አለ። በዚህ ሙቀት ስለሚያሳዝኑኝ ሁለቱንም ማታ ማታ በጎማ አጠጣቸዋለሁ። አሁን የሎሚው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ነው፤ አበባውም ይረግፋል። እሬቱ ደግሞ ከታች ለስልሶ ይገነጠላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እሬቱን የጎዳው ውሃ ነው። ሎሚውም ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የውሃ አሰጣጡን ነው።

እሬት ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል። የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት በጠራራ ፀሐይ ብዙ ውሃ አያባክንም። ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ማንም ሳያጠጣው የሚበቅለው ለዚህ ነው። አፈሩ በየቀኑ ሲርስ ግን ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል።

አሁኑኑ ይንቀሉት። የለሰለሰውን በንጹሕ ቢላ ቆርጠው ይጣሉ። የቀረውን ጥላ ውስጥ ለአራት አምስት ቀን ያድርቁት። ከዚያ ግማሽ አፈር፣ ግማሽ ደቃቅ ቀይ አሽ ወይም አሸዋ ቀላቅለው ታቹ በተበሳ የቀለም ባልዲ ውስጥ ይትከሉት። ለአንድ ሳምንት ውሃ አይስጡት። ከዚያ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ቅጠሉ ከሳሳና ወደ ውስጥ ከታጠፈ ጠምቶታል ማለት ነው። ማዳበሪያ አያስፈልገውም።

ሎሚው ግን ብዙ እንክብካቤ ይፈልጋል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ በዚያ ላይ የአዳማ ንፋስ እርጥበቱን ይመጠዋል። ውሃ ይወዳል፤ የሚወደው ግን ጠልቆ የሚገባውን ነው። በየማታው ትንሽ ትንሽ ሲረጭ ላዩ ጭቃ ይሆናል፣ ታቹ ደረቅ ይቀራል። የግንዱ ሥርም ሁልጊዜ ከረጠበ ቅርፊቱ ይቆስልና ሙጫ የመሰለ ነገር ያወጣል። ይህን ካዩ በሽታ ጀምሮታል ማለት ነው።

ስለዚህ ጎማውን ይተዉት። ከግንዱ ሁለት ክንድ ያህል ርቀው ዙሪያውን ቦይ ያውጡ። በሳምንት አንዴ አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር፣ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ሲበረታ ሁለቴ ያድርጉት። ዝናቡ ሲበዛ ያቁሙ። ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ጣትዎን ይመኑ። ሁለት አንጓ ያህል አስገብተው እርጥብ ከሆነ አያጠጡ። ቦዩ ላይ ደረቅ ሣር ቢጎዘጉዙ እርጥበቱ ይቆያል፤ ግንዱን ብቻ አያስነኩት።

ቢጫነቱን ደግሞ ጠጋ ብለው ይዩት። የቆዩት ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን አንሶታል። በየሦስት ወሩ ሁለት አካፋ የበሰበሰ ፍግ ከግንዱ አርቀው ይጨምሩለት። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ግን ብረት ወይም ዚንክ አልደረሰውም። የምድጃ አመድ ሎሚ ሥር የሚደፉ ከሆነ እባክዎ ያቁሙ። አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ ሥሩ ብረቱን መውሰድ ያቅተዋል። ብዙ ግቢ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ሁሌም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰው ለዛፉ ደግ የሠራ መስሎት ነው።

አበባው ሁሉ ፍሬ አይሆንም። አብዛኛው መርገፉ የሎሚ ተፈጥሮ ነውና አይደንግጡ። ሁሉም ከረገፈ ግን የውሃው መዛባት ሊሆን ይችላል።

ከተዳቀለበት ቦታ፣ ማለትም ሁለቱ ተክሎች ግንዱ ላይ ከተጋጠሙበት፣ በታች የሚወጣውን ቅርንጫፍ በእንጭጩ ይቁረጡት፤ ካደገ የሚፈልጉትን ሎሚ ምግብ ይቀማዋል። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ካዩም ነካ ያድርጉት። ከተንቀሳቀሰ አባጨጓሬ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም፣ በእጅ ለቅመው ይጨርሱታል።

እሬቱን ከነባልዲው በረንዳ ላይ ያስቀምጡት፣ ከሎሚው ይራቅ። የቢጫውን ቅጠል ፎቶ፣ አንድ ከአሮጌው አንድ ከአዲሱ፣ ቢልኩልኝ የትኛው ንጥረ ነገር እንደጎደለው ለይቼ እነግርዎታለሁ።