በቀቀናችን ለምን ዝም አለ? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ እኔ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው ምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጆቹ ብሎ ግራጫ ሆኖ ጭራው ቀይ የሆነ በቀቀን ይዞላቸው መጣ፣ ሻጩ "ይሄ እኮ እንደ ሰው ነው ሚያወራው" ብሎ ነው የሸጠለት። አሁን ወር ሊሞላው ነው፣ አንድ ቃል የለም። ልጆቹ ኩኩ ብለው ስም አወጡለት፣ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ኬጁን ከበው "ኩኩ በል፣ ኩኩ በል" ሲሉት ወደ ጥግ ይሸሻል፣ እኔ እጄን ሳስገባ ሊነክሰኝ ይላል፣ ጎረቤት ለቡና ሲመጣ ሁሉም "እስቲ አናግሪው" ይለኛል እሱ ግን ጭጭ። ከስልኬ ላይ የሌሎች በቀቀኖች ቪዲዮ ከፍቼ ቀኑን ሙሉ አሰማዋለሁ፣ ምንም። ባለቤቴ "ተሸውዳችኋል፣ ዲዳ ነው፣ መልሱት" እያለ ነው። ልጆቹ ወደውታል፣ እኔም አንጀቴን በልቶታል። ታሞ ይሆን? ወይስ ጠልቶን?

መልስ፦ እህቴ አብሽሪ። አዲስ ቤት ገብቶ ወር ያልሞላው በቀቀን ዝም ቢል ምንም አይገርምም፣ እኔን ያሳሰበኝ ዝምታው ሳይሆን ልጆቹ ሲከቡት ወደ ጥግ መሸሹ ነው። ምን መሰለሽ፣ ውሻ ከሰው ጋር ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል፣ በቀቀን ግን ኬጅ ውስጥ ቢፈለፈል እንኳን ደመነፍሱ ያው የጫካው ነው፣ ጭልፊት ሚያድነው ፍጡር ነው። ስለዚህ አዲስ ቦታ ሲገባ ድምፁን አጥፍቶ ያያል፣ ይሰማል፣ ማን መቼ ገባ ማን ጮኸ ማን እጁን ሰደደ ብሎ ይመዘግባል። ልጆችሽ በፍቅር ነው የከበቡት፣ እሱ ግን ሚያየው ትልልቅ ፊቶች በአራት አቅጣጫ ዘግተውት ነው። ሊነክስሽ ያለውም ጠልቶሽ አይደለም፣ መሸሻ ሲያጣ ያለው መሳሪያ መንቁሩ ስለሆነ ነው።

ባለቤትሽም እንዲረዳልኝ ምፈልገው ዋናው ነገር ይሄ ነው። በቀቀን ጫካ ውስጥ በመንጋ ነው ሚኖረው፣ ጠዋት ሲበተኑና ማታ ሲሰበሰቡ በድምፅ ነው ሚፈላለጉት፣ የመንጋውን ድምፅ ያላወቀ ብቻውን ይቀራል፣ ብቻውን የቀረ ደግሞ ይበላል። ቬንዙዌላ ውስጥ ትናንሽ በቀቀኖችን ጎጇቸው ድረስ ሄደው ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት ጫጩቶቹ ገና ጎጆ ውስጥ እያሉ የየራሳቸውን መጠሪያ ድምፅ ከወላጆቻቸው ነው ሚማሩት። ያንቺ ኩኩ ደግሞ አሁን መንጋ የለውም። እናንተን መንጋዬ ናቸው ብሎ ሲቀበል ነው የናንተን ድምፅ ማውጣት ሚጀምረው፣ ስለዚህ "እንዴት ላናግረው" የሚለውን ለጊዜው ተይውና "እንዴት ይመነኝ" በሚለው ጀምሪ፣ ንግግሩ ከሱ በኋላ ነው ሚመጣው።

ኬጁ የት ነው ያለው? ሳሎን ከሆነ ጥሩ ነው ግን መሃል ላይ አይሁን፣ አንድ ጎኑ ግድግዳ ይደገፍ፣ ከኋላዬ ማንም አይመጣም ብሎ እንዲረጋጋ። ቁመቱም ደረትሽ አካባቢ ይድረስ፣ መሬት ላይ ያለ ወፍ ሁሌ ይፈራል። ከዛ በየቀኑ አጠገቡ ጎንሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ፣ ፊት ለፊት አፍጥጠሽ አትይው (አዳኝ ነው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ሚያፈጠው)፣ ሽንኩርትሽን ላጪ፣ ምስር ልቀሚ፣ ስልክ አውሪ፣ ከሱ ምንም አትፈልጊ። ምሳሽን አጠገቡ ብትበዪ ደግሞ በጣም አሪፍ ነው፣ በቀቀን አብሮ መብላት ሚወድ እንስሳ ነው፣ አንቺ ስትበዪ እሱም ወደ ሳህኑ ሲሄድ ታዪዋለሽ፣ ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ።

እጅሽን ኬጁ ውስጥ መክተት ለጊዜው አቁሚ፣ ምግብና ውሃ ለመቀየር ካልሆነ በቀር። ምን እንደሚወድ እይ፣ ብዙ ጊዜ የሱፍ ፍሬ ይሆናል፣ ያንን ከሳህኑ ላይ አንሺና ካንቺ እጅ ብቻ እንዲያገኘው አድርጊ። መጀመሪያ በሽቦው መሃል ስጪው፣ ሲሸሽ አትከተዪው፣ ሳህኑ ላይ ጥለሽለት ሂጂ። እየቆየ ይቀበልሻል፣ ከዛ በሩን ከፍተሽ በመዳፍሽ፣ ከዛ ጣትሽን ከእግሮቹ በላይ ሆዱ ስር በቀስታ አስጠግተሽ "ውጣ" እያልሽ፣ ሲወጣ ወዲያው ሱፏን። የአንዱ ወፍ ሳምንት ይፈጃል የሌላው ወራት፣ ዋናው ወፉ ነው ፍጥነቱን ሚወስነው። ላባው ሰውነቱ ላይ ጥብቅ ብሎ አንገቱ ከረዘመ ወይ የዓይኑ ብሌን ጠበብ ሰፋ ጠበብ ሰፋ እያለ ቆሞ ካየሽ እጅሽን መልሺ። ላባውን ነፋ አድርጎ ካራገፈ በኋላ አንድ እግሩን ሰብስቦ ከቆመ፣ መንቁሩን በዝግታ ካፋጨ፣ ዘና ብሏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ንግግሩ። ስልኩን ዝጊው እህቴ፣ እውነቴን ነው። አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1977 አሌክስ የሚባል ልክ እንደ ኩኩ ያለ ግራጫ በቀቀን ገዝታ እስከሞተበት 2007 ድረስ አብራው ሰርታለች፣ ከ100 በላይ ቃላት ነበሩት፣ ወደ 50 የሚሆኑ ዕቃዎችን፣ 7 ቀለሞችን፣ 5 ቅርፆችን በስማቸው ይጠራ ነበር። ስራዋ ካሳየው አንዱ ነገር ግራጫ በቀቀኖች ከካሴትና ከቪዲዮ ብቻ ቃላትን በትርጉማቸው አይማሩም፣ ሚማሩት በህይወት ካለ ሰው ነው፣ ሰውየው እያያቸው እየመለሰላቸው። ዘዴዋ ደግሞ ላንቺ ቤት የተሰራ ይመስላል፣ ሁለት ሰው ነው ሚፈልገው። ትልቁ ልጅሽ ሙዝ ይያዝና ትንሹን "ይሄ ምንድነው?" ይበለው፣ ትንሹ "ሙዝ!" ይበል፣ ሙዙን ይቀበል፣ ይብላ። ከዛ ይቀያየሩ። ኩኩ እያየ ነው፣ ይሄ ድምፅ ሙዝ ያመጣል ብሎ እየያዘ ነው። ልጆቹም "ኩኩ በል" ብለው ከመጮህ የተሻለ ስራ አገኙ ማለት ነው፣ ግን አጭር ይሁን፣ አስር ደቂቃ ይበቃል፣ ከኬጁም ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ሌላው፣ ቃሉን ከሚሆነው ነገር ጋር እሰሪለት። ጠዋት ኬጁ የተሸፈነበትን ጨርቅ ስትገልጪ ሁሌ "እንደምን አደርክ ኩኩ"፣ ውሃ ስትቀይሪ "ውሃ"፣ ማታ ስትሸፍኚው "ደህና እደር"፣ ሲደነግጥ ደግሞ በለስላሳ ድምፅ "አብሽር፣ አብሽር"። በስሜት የተባለ ቃል ነው ቶሎ ሚይዘው፣ ለዛም ነው ብዙ በቀቀን ስድብና የስልክ ጥሪ ቀድሞ ሚማረው፣ ስለዚህ ባለቤትሽ እሱ ፊት "ዲዳ" ማለቱን ቢተው ይሻላል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣና ማታ ልትጠልቅ ስትል በተፈጥሮ ሚንጫጩበት ሰዓት ነው፣ ያኔ አውሪው። አንድ ቀን ከክፍሉ ስትወጪ ወይ ሸፍነሽው ስትሄጂ ዝቅ ያለ ያልተገጣጠመ ማጉተምተም ከሰማሽ በሩ ላይ ቁሚና አድምጪ፣ ሰው ሳያየው እየተለማመደ ነው። ያኔ እንዳትገቢበት።

ዕድሜውንም ከዓይኑ እይ። የግራጫ በቀቀን ጫጩት ዓይኑ ጥቁር ግራጫ ነው፣ እያደገ ሲሄድ ወደ ነጣ ያለ ቢጫ ይለወጣል። ያንቺው ዓይኑ ገና ጥቁር ከሆነ ልጅ ነው፣ ብዙዎቹ ጥርት ያለ ቃል ሚያወጡት ዓመት አካባቢ ሲሞላቸው ነው። ቢጫ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ከሌላ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ያኛውን ቤተሰቡን አጥቶ ነው የመጣው ማለት ነው፣ ይሄኛው ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ቡናው ነገር ግን አጥብቄ ልናገርሽ። ወሎ ቤት ቡና ያለ ዕጣን እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ሦስቱም ስኒ እስኪያልቅ ጭሱ እንደማይበርድም። የወፍ ሳንባ ግን እንደኛ አይደለም፣ አየሩ በሰውነቱ ውስጥ ባሉ ከረጢቶች አልፎ ነው ሚዞረው፣ ከያንዳንዱ ትንፋሽ ከኛ በላይ ይወስዳል፣ መርዙንም እንደዛው። የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሰራተኞች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ጋዝ እንዲያስጠነቅቃቸው ትንሽ ወፍ ይዘው ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው፣ ወፏ ከሰው በፊት ነው ምትወድቀው። ስለዚህ ቡናው ሊቆላ ሲል ኩኩ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ፣ በሩ ይዘጋ። የጦሳ ተራራ ብርድ ሲመጣም እንዲሞቀው ብለሽ ከሰል አጠገቡ አታስቀምጪ፣ ከነፋስ አርቀሽ ሦስት ጎኑን በብርድ ልብስ ሸፍኚው ይበቃዋል፣ በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ጨለማና ፀጥታ ይፈልጋል፣ እንቅልፍ ያጣ ወፍ ነጭናጫ ነው። ቴፍሎን (ምግብ እንዳይጣበቅ የሚደረግ ሽፋን) ያለው መጥበሻ ባዶውን ሲግል ሚወጣው ጭስም በደቂቃዎች ውስጥ ወፍ ይገድላል፣ ኪችን ውስጥ ፈፅሞ አይቀመጥ።

ምግቡ፣ ሱፍና ኑግ ብቻ ከሆነ ቅባት በዝቶበታል፣ ቫይታሚን ኤ ያጥረዋል። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ፓፓያ፣ የተቀቀለ ባቄላ ስጪው። ቃሪያም ይበላል፣ ሚጥሚጣ እንኳን አያቃጥለውም ምክንያቱም ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም (ልጆቹ ይሄን ሲያዩ ይደሰታሉ)። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሽንኩርት፣ ጨው የበዛበት ወጥ ግን በጭራሽ፣ አቮካዶና ቸኮሌት ይገድሉታል።

ታሞ ይሆን ላልሽው፣ ላባው ቀኑን ሙሉ ተነፍቶ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ ሚያንቀላፋ፣ ሲተነፍስ ጭራው ከፍ ዝቅ ሚል፣ ምግብ የተወ፣ ኩሱ የተቀየረ ከሆነ ቀን አትቁጠሪ፣ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ ወፍ ህመሙን እስከ መጨረሻው ነው ሚደብቀው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ትምህርት ክፍል አለው፣ ወፍ ሚያይ ሰው ማን እንዳለ እዛ ጠይቂ። ከበቀቀን ወደ ሰው ሚተላለፍ ሳንባ ሚያጠቃ በሽታም ስላለ ኬጁን ካፀዳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ኩሱን ደረቁን አትጥረጉት፣ እርጥብ አድርጋችሁ ነው።

ወንድምሽንም ወረቀት እንዳለው ጠይቂው። ግራጫ በቀቀን ከጫካ እየተያዘ በጣም ስላለቀ እ.ኤ.አ. በ2016 አገራት ተስማምተው ከዱር ተይዞ በአገራት መካከል መሸጡን ከልክለዋል። ለሻጩ መመለሱን ግን አልመክርሽም፣ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ነው ሚጎዳው። እስከመጨረሻውም ላይናገር ይችላል፣ እንደዛ ሚሆኑ አሉ፣ ያፏጫሉ ወይ የበር ድምፅ ያወጣሉ እንጂ ቃል አይሉም። 40ና 50 ዓመት ሊኖር ሚችል ፍጡር ነው፣ ከልጆችሽ ጋር ነው ሚያረጀው፣ ትከሻሽ ላይ ወጥቶ ፀጉርሽን በመንቁሩ ሲያበጥርልሽ ባለቤትሽም መልሱት ማለቱን ሚረሳ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ልጆች ከዛፍ ያወረዷቸውን ሁለት ትናንሽ አረንጓዴ ወፎች ገዛኋቸው፣ የአንዱ ግንባር ቀይ ነው። በቀቀን ናቸው አሉኝ፣ ንግግር እንዴት ላስተምራቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይናገሩም። እንደገለፅካቸው ከሆነ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም በዱር ማይገኙት ትንንሾቹ በቀቀኖች ናቸው፣ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፣ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴዋ ሴቷ። ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው ሚያድሩት፣ የጽድና የሾላ ፍሬ ነው ሚበሉት፣ ኬጅ ውስጥ በፍርሃት ብዙዎቹ ይሞታሉ። በዛ ላይ በዱር እንስሳት አዋጅ መሰረት ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው፣ ገዢ እስካለ ድረስ ደግሞ ልጆቹ ነገም ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ክንፋቸው ደህና ከሆነ ልጆቹን የት እንደያዟቸው ጠይቃቸውና በጠዋት፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ እዛው ወስደህ ሁለቱንም አንድ ላይ ልቀቃቸው። ላባቸው ተቆርጦ ከሆነ ግን አሁን ብትለቃቸው ድመት ይበላቸዋል፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ከሰው አርቀህ ፍራፍሬና ውሃ እየሰጠህ ላባው እስኪተካ ቆይ፣ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሳይወድቁ መብረር ሲችሉ ያኔ ውሰዳቸው።