ጤና መድህን ግቢ፤ ግን «የለም» የምትለዋን ማህተም ሳትይዢ ከመስኮቱ አትነሺ

ሰላም እህቴ። ትናንት ማታ የጻፍሽውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «እናቴ ስኳር አለባት፤ ኮምቦልቻ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ቀበሌ የጤና መድህን እየመዘገበ ነው። ልክፈል ወይስ ብሩን ለመድኃኒት ልያዘው? ከከፈልሽም በኋላ መድኃኒት የለም ነው የሚሉሽ ይባላል» ብለሻል። ከስር የመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ሌቦች ናቸው» ብለው ሄዱ፤ ግማሾቹ «መንግሥታችን ይባረክ» ብለው ሄዱ። ሁለቱም ለእናትሽ አንድ መርፌ አይገዛም።

እኔም ኮምቦልቻ ነኝ። የእኔም እናት ስኳር አለባት። አንድ የልብስ ስፌት ማሽን ይዤ ነው የማድረው፤ አንቺም እንደኔ በራስሽ ሥራ የምትኖሪ መስሎኛል። ረዘም ይላል፤ ቡናሽን እየጠጣሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ፦ ግቢ። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። ዓምና ክረምት የእናቴ ስኳር ከፍ ብሎ ራሷን ስታ ወደቀች። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላት በሌሊት የሐረጎን ዳገት ወጣን፤ ደሴ ስድስት ቀን ተኛች። አልጋው፣ ላቦራቶሪው፣ ግሉኮሱ፣ ምኑ ምኑ፤ ከአንዳንድ ከውጭ ከገዛነው ዕቃ በቀር አንድ ብር አልተጠየቅንም። አጠገባችን የተኙት እናት አባል አልነበሩም። ልጃቸው በሦስተኛው ቀን ጆሮዋ ባዶውን መጣች። ጉትቻዋን ሸጣ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ በፊት በነበሩት ቀናት ጆሮዋ ላይ አይቼው ነበር። ያቺን ልጅ ካየሁ በኋላ «መድህን ዋጋ የለውም» የሚል ሰው ጋር አልከራከርም፤ ዝም ነው የምለው።

አሁን ወደ ምክሩ።

1. የምዝገባውን ወር እንዳታሳልፊ። ሰው የሚሮጠው ሲታመም ነው፤ ያኔ «ዘንድሮ አልፏል» ትባያለሽ። እድሳቱም እንደዛው። በየዓመቱ ነው።

2. እናትሽ እንዲሁ ካንቺ ጋር አትቆጠርልሽም። ቤተሰብ ሲሉ ባልና ሚስት ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ጋር ነው። እናት «ተጨማሪ» ተብላ ይከፈልባታል። ስሟ የአባልነት ደብተሩ ላይ መጻፉን፣ ፎቶዋም መለጠፉን እዛው ቆመሽ እዪ። ደመወዝተኛ ከሆንሽ ደግሞ ይሄ መድህን ላንቺ አይደለም፤ እናትሽን በራሷ ስም አስመዝግቢ። የእህቴ ባል አስተማሪ ነው። የደመወዝተኛው መድህን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ በኋላ በወጣው ደንብ ደግሞ መዋጮው 3 ከመቶ ከሠራተኛው፣ 3 ከመቶ ከአሠሪው ተባለ። ከዛ ወዲህ ስንት ጊዜ «ሊጀመር ነው» ተባለ፣ ስንት ጊዜ ተራዘመ። እሱ ሲያመው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። እኔ ልብስ ሰፊዋ መድህን አለኝ፣ ዲግሪ ያለው እሱ የለውም። ይሄን ስነግረው ይናደዳል፤ ስለዚህ ሁሌ እነግረዋለሁ።

3. ከጤና ጣቢያ ጀምሪ። ሪፈር ሳትይዢ ደሴ ብትሄጂ ደብተርሽ ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ «ትልቁ ይሻላል» ብዬ እናቴን ይዤ በቀጥታ ወጣሁ። ሙሉውን ከኪሴ ከፍዬ ወረድኩ። ድንገተኛ ሲሆን ሌላ ነው፤ ለቀጠሮ ግን ሪፈሩ ላይ ፊርማውም ማህተሙም ቀኑም ይኑር። አንዱ ከጎደለ ይመልሱሻል።

4. መድኃኒት። ወይ መድኃኒት! ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ እኔም የተቃጠልኩት እዚህ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ በየወሩ ኢንሱሊን እንወስዳለን። መስከረም ላይ አገኘን። ጥቅምት ላይ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ደርሼ ማዘዣውን ስሰጥ ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል «የለም» አለችኝ። «መቼ ይመጣል?» ስላት «ውጭ ግዢ» አለች። ገዛሁ። ኅዳርም «የለም»። ታኅሣሥም «የለም»። ከውጭ ብትገዢም ደረሰኝ ካለሽ ብሩ ይመለሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ብልህ ነኝ ብዬ ደረሰኙን ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ክርና መርፌ የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ነው። እናቴ «እዛ ውስጥ ምን አለ?» ስትለኝ «ብር» እላት ነበር።

የካቲት ላይ ደመርኩት፤ 6,340 ብር። ለኔ የሁለት ሠርግ ስፌት ነው። ሱቄን ዘግቼ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ሄደሽ ታይዋለሽ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደርሼ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ገባሁ። ሰውየው ስልኩን እየነካካ ደረሰኞቹን በአንድ ጣት ገፋ ገፋ አደረጋቸው።

«ማዘዣው የታለ?»

«ፋርማሲው ያዘው። ከውጭ ሲሸጡ ያስቀሩታል።»

«ኮፒውስ?»

«ኮፒ አላነሳሁም።»

«ኮፒውም ቢኖር ‹የለም› የሚል ማህተም አለበት?»

የምን ማህተም? ለካ እኛ መስኮት ላይ «የለም» ሲሉሽ በአፍ አይበቃም። ማዘዣው ጀርባ ላይ «መድኃኒቱ እዚህ የለም» ብለው አትመው፣ ፈርመው መስጠት አለባቸው። ያለዚያ ከውጭ የገዛሽው የራስሽ ጉዳይ ነው። አምስት ወር ሙሉ በዛ መስኮት ስመላለስ አንድም ሰው አልነገረኝም።

«እንዴት ነው እኔ የማውቀው?» ስለው ምን አለኝ መሰለሽ? «ተለጥፏል አይደል እንዴ፤ አንቺ አታነቢም?» ዞር ብዬ ባይ ምንም የለም። በኋላ ዘበኛው ነው ያሳየኝ። ማስታወቂያው የተለጠፈው ከበሩ በስተጀርባ ነው። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሆነ ወረቀቱ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይውላል። የሚነበበው ቢሮው ሲዘጋ ነው፤ እሱም ውስጥ ሆኖ ላየው ሰው።

ደረሰኞቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት አልተቆጣችም። «እድር ቢሆን ዳኛውን ቤቱ ድረስ ሄደን እንጠይቀው ነበር» አለች። ከዚህ የተሻለ ትችት በቴሌቪዥንም አልሰማሁም። መዋጮው እንደ እድር ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ይከፍላል። ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም። አጎቴ ተሁለደሬ ነው የሚኖረው። ይሄ መድህን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር አንዷ ተሁለደሬ ነበረች፤ እሱም ቀድመው ከገቡት ነው። «እድር ለሞተ ሰው ይከፍላል፤ ይሄ ሳትሞት ነው» ብሎ እኔን ያስገባኝ እሱ ነው። እድር ላይ ግን ድንኳኑ ከጠፋ ማን እንዳጠፋው ይታወቃል። እዚህ መድኃኒቱ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም።

በነገራችን ላይ ለምን እንደሚጠፋ አንድ ፋርማሲስት ረጋ ብሎ አስረድቶኛል፤ የሰው ልጅ ነው እሱ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሰጥቶሽ ወጪውን ጽፎ መድህኑን ይጠይቃል። መድህኑ ቶሎ ካልከፈለው የሚቀጥለውን የሚገዛበት ብር የለውም። መንግሥት መድኃኒት አቅራቢውም አንዳንዴ መጋዘኑ ውስጥ የለም። በዛ ላይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ሲለቀቅ የመድኃኒት ዋጋ የት እንደደረሰ አንቺም ታውቂያለሽ። እሺ፣ ገባኝ። ጦርነቱም አለ፤ በ2014 እዚህ አካባቢ የነበሩ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ምን እንደሆኑ አይተናል፤ አልጋ እንኳ አልቀረም ነበር። ያንን ሁሉ ይቅር እላለሁ። አንዲት ማህተም መምታት ግን ዶላር አይፈልግም። ሪፎርም ሪፎርም ይላሉ፤ በየስብሰባው የአባል ቁጥር ይነበባል። አባል ሆነን እኮ ነው ውጭ የምንገዛው። እኔን ከጠየቁኝ ስንት ሰው ተመዘገበ ሳይሆን ስንት ማዘዣ «የለም» ተብሎ ተመለሰ የሚለውን ያንብቡልን።

እና መጋቢት ላይ ምን አደረግኩ? ልጅቷ «የለም» ስትለኝ «እሺ፣ ማህተሙን ምቺልኝ» አልኳት። «ማህተሙ ኃላፊዋ ጋ ነው፣ ስብሰባ ገብታለች» አለችኝ። «እጠብቃለሁ።» የመስኮቱን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ መጀመሪያ እኔ ላይ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «ምንድነው ልጄ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። ለካ እሳቸውም የደም ግፊት መድኃኒት ከውጭ ነው የሚገዙት፤ እሳቸውም አያውቁም። ከዛ እሳቸውም ቆሙ። ከሳቸው ኋላ ያለችዋም ቆመች። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ማህተሙ ከዛው ከመስኮቱ ስር ካለው መሳቢያ ወጣ። ስብሰባ የገባችው ኃላፊ መሳቢያው ውስጥ ነበረች ማለት ነው።

ኮፒ አነሳሁ፣ በስልኬም ፎቶ አነሳሁ። ከውጭ ስገዛ የማሽን ደረሰኝ አስቆረጥኩ፤ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት አይቀበሉሽም። ያው ሰውዬ ጋ ይዤ ቀረብኩ። አገላብጦ አየው፣ ምንም አላገኘበትም። በሁለት ወሩ 1,180 ብር ተመለሰልኝ። ከጠፋብኝ ጋር አይገናኝም፤ ግን የዛን ቀን ለእናቴ ዶሮ ገዛሁ። አሁን ሰፈር ውስጥ ሰው መድኃኒት ሲከለከል እኔ ጋ ነው የሚመጣው። «የማህተሟ ሴትዮ» ይሉኛል። ልብስ ሰፊ መሆኔን የረሱም አሉ።

5 ብዬ ልጽፍልሽ ያሰብኩት ጠፋብኝ። አዎ፣ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም፤ ለዛ ብለሽ አትሰለፊ።

አብሽሪ። ይሄ ሁሉ አስፈርቶሽ እንዳትተይው። አንድ ፌስታል ያዢ፦ ደብተሩ፣ ሪፈሩ፣ የማዘዣው ኮፒ፣ ደረሰኙ። እስክሪብቶም ያዢ፤ እነሱ ጋ የለም።

እኔ ሐሙስ የእናቴን ልወስድ እሄዳለሁ። የእናትሽ ኢንሱሊን ንጹሕ ውሃ የሚመስለው ነው ወይስ ነጣ የሚለው? በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ መኖሩን መስኮቱ ጋ ጠይቄ እነግርሻለሁ።