አስከሬኑ ካልመጣ ፍትሐት የለም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባሕርተኛ ነበር። በውጭ አገር የጭነት መርከብ ላይ ሲሠራ ጦርነት ባለበት ባሕር ሲያልፉ መርከባቸው ተመታ። ሞቶ ባሕር ውስጥ እንደወደቀ አብረውት የነበሩት ነግረውናል። መርዶው ከደረሰን ሁለት ወር ሆነ። እናቴ «ሬሳው ሳይመጣ ፍትሐት አይደረግም፣ ነፍሱም ባሕር ላይ ትንከራተታለች» ብላ አርባው እንዲሁ አለፈ። ሬሳው ከተገኘ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እናትሽንም ያጽናልን። ፍትሐቱ ይደረግ። እንዲያውም ዘግይቷል።

«አፈር ሳይለብስ ቀረ» የሚለው ጭንቀት ለእኔ አዲስ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከወሰዳቸው መካከል አስከሬናቸው ጭራሽ ያልተገኘ ነበሩ። ወደ ዐረብ አገር ሲሻገሩ ባሕር ያስቀራቸው ልጆችም አሉ። እነዚህ ሁሉ ጸሎት አጥተው ይቅሩ?

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ግንዘቱን፣ ጸሎቱንና ቀብሩን አንድ ቀን ተከታትለው ስለምናያቸው፣ አንዱ ሲጎድል ሁሉም የቀረ ይመስለናል። መገነዝና መቅበር ለሥጋው የምንሰጠው ክብር ነው። የምሕረት ልመናው ግን ለነፍሱ ነው። ነፍስን የሚቀበላት እግዚአብሔር ነው እንጂ መቃብር አይደለም።

ሉቃስ 16ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ባለ ጠጋው «ሞተና ተቀበረ» ይላል። አልዓዛርስ? ሞተ፣ መላእክትም ወደ አብርሃም እቅፍ ወሰዱት። ስለ ቀብሩ አንድ ቃል የለም። (ለቅሶ ቤት ይህን ስናገር ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ወንጌሉን የሚፈትሽ አይጠፋም። ይፈትሽ፣ ደስ ይለኛል።) የወንድምሽን ሥጋም ቢሆን ባሕሩ ለዘላለም አያስቀረውም። «ባሕርም በእርሱ ውስጥ ያሉትን ሙታን ሰጠ» ተብሎ ተጽፏል፤ ራእይ 20፥13።

ነፍሱ ትንከራተታለች የሚለውን ግን ከቤታችሁ አውጡት። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ልጅ ላጣች እናት ደግሞ ጭካኔ ነው። ሊያጽናና መጥቶ እንዲህ የሚል ጎረቤት ካለ፣ ቡናውን ጠጥቶ ዝም ይበል።

የእናትሽን ስለት አልነቅፍም። ቁልቢ ወጥተው ያልቅሱ፣ ይለምኑ። አስከሬኑ ከተገኘም በክብር ይቀበራል፣ ጃንጥላውም ይገባል። ጸሎቱን ግን የስለቱ መያዣ አያድርጉት። ጸሎቱ ለልጁ የሚያስፈልገው ዛሬ ነው።

ሰማንያው ገና ነው። እሱንም አትጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ጀምሩ። ድንኳን ባይተከል፣ በሬ ባይታረድ ግድ የለም። ለእርድ ያሰባችሁት ካለ ለነዳያን ይሁን።

አንድ ነገር ግን ያስፈልጋል፤ የክርስትና ስሙ። የመርከቡ ኩባንያ ደብዳቤ ላይ ያለው ስም ለቄሱ አይሆናቸውም። ብዙ ቤት ይህን ስም የምታውቀው እናት ብቻ ናት። ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፣ በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ለንስሐ አባታችሁ ስጪ። እናትሽ በሐዘን ብዛት ከጠፋባቸው የክርስትና አባቱን ጠይቂ።