አምፖል ስንገዛ የትኛውን ቁጥር እንመልከት?

ጥያቄ፦ ልጆቼ የሚያጠኑበት ክፍል ጨለም ስለሚል ባለ 60 ዋቱን የድሮ አምፖል አውጥቼ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አስገባሁ። ካርቶኑ ላይ 806 ሉመን እና 6500 ኬልቪን ይላል። ሻጩ ከ60ው እኩል እንደሚያበራ ነግሮኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አሁንም ደህና አድርጎ አያስነብብም። የትኛውን ቁጥር ልመን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሻጩ አልዋሸዎትም። ዋት አምፖሉ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይለካም። ቀድሞ አምፖሎች ሁሉ ክር በማጋል ይሠሩ ስለነበር ዋቱን ያወቀ ሰው ብርሃኑንም መገመት ይችል ነበር፤ ዛሬ ግን ከአምፖሉ የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን የሚነግረን ሉመን ነው። ባለ 60 ዋቱ የሚሰጠው ወደ 800 ሉመን ገደማ በመሆኑ አዲሱ አምፖል ከስድስት አንድ እጅ በማይሞላ ኃይል በእርግጥ ይተካዋል።

የእርስዎ ችግር ያለው ሉክስ ላይ ነው። ሉክስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሉመን እንዳረፈ ይለካል፤ ለሚያነብ ልጅ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። 806 ሉመን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢበተን፣ በአንድ አቅጣጫ የሚኖረው ጥንካሬ 64 ካንዴላ ያህል ይሆናል። ይህን በርቀቱ ካሬ ስናካፍለው፣ ከአምፖሉ 2 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ ደብተር በቀጥታ የሚደርሰው 16 ሉክስ ብቻ ነው። ከግድግዳና ከኮርኒስ የሚንጸባረቀው ቢጨመርበትም፣ የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት መስፈርት ለቢሮ ንባብና ጽሕፈት ከሚጠይቀው 500 ሉክስ እጅግ የራቀ ነው። ያው አምፖል ግማሽ ሜትር ላይ ቢሆን ግን 256 ሉክስ ይሰጣል፤ ብርሃኑን ወደ ታች የሚሰበስብ ክዳን ቢኖረው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ትልቅ አምፖል ከመግዛት ይልቅ የጠረጴዛ መብራት እንዲገዙ አጥብቄ እመክራለሁ።

ኬልቪን የሚናገረው ስለ ብርሃኑ ቀለም ብቻ ነው። 2700 ወደ ቢጫ፣ 6500 ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ቁጥሩ ስለጨመረ ብርሃኑ አይጨምርም፤ ብዙ ሰው ግን እንደዚያ እየመሰለው ይገዛል። ለጥናት ጠረጴዛ 4000 አካባቢ ያለው ይስማማል። የመብራቱን ክዳን ልጁ ሲቀመጥ አምፖሉ በቀጥታ ዓይኑን እንዳይወጋው አድርገው ዝቅ ያድርጉት፤ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ከሆነም የእጁ ጥላ ጽሑፉ ላይ እንዳያርፍ በግራው በኩል ያስቀምጡለት።