ጥያቄና መልስ፦ ልብ ወለድ መጻፍ ሐሰት መናገር ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። በዚህ በጾመ ነቢያት ልብ ወለድ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ታሪኩ እሸት ቡና ለቅማ ልጆቿን ስለምታሳድግ እናትና በሚዛን ስለሚያጭበረብራት ካቦ፣ ማለትም የለቃሚዎች አለቃ ነው። አንዲት እኅት “ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው፤ ያውም በጾም!” አለችኝ። ትምህርት እንዲሆን ብዬ መጨረሻው ላይ ካቦውን መብረቅ እንዲመታው አስቤ ነበር። ልተወው ይሆን?
ወለተ ሥላሴ፣ ከጅማ

መልስ፦ ልጄ፣ ጽሑፉን አትተዪው። መብረቁን ግን ተዪው።

እኅትሽ ያለችው ብዙ ጊዜ የሚነሣ ነው፤ ከቅንነት የመጣ ስለሆነ አትቀየሚያት። ትእዛዙ ግን “በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር” ነው የሚለው (ዘጸ. 20፥16)። ሐሰት የሚሆነው ሰሚው እውነት ነው ብሎ እንዲቀበለው ታስቦ ሲነገር ነው። ጌታችን “አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ወረደ” ሲል “የማን ልጅ ነው? የየት አገር ሰው ነው?” ብሎ የጠየቀ የለም። ቅኔ ስትሰማ ያደገች የቤተ ክርስቲያን ልጅ ደግሞ ሰሙን ከወርቁ መለየት አይቸግራትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ስሕተት ነው። ብዙ ወጣቶች መንፈሳዊ ልብ ወለድ ሲባል ስብከት ወስዶ የሰው ስም መለጠፍ ይመስላቸዋል። በደለኛው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ዓይኑ ደም የለበሰ ነው። ደጓ ሴት አፏን በከፈተች ቁጥር ጥቅስ ነው የሚወጣት። መጨረሻው ላይ መኪና ይገለበጣል፣ ወይም እንደ አንቺ መብረቅ ይወርዳል። አንባቢው “እኔስ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም” ብሎ ያጥፈውና ይተኛል።

ነቢዩ ናታን ምን እንዳደረገ ተመልከቺ (2ኛ ሳሙ. 12)። የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለው ዳዊት ዘንድ ገብቶ “ዝሙት ክፉ ነው” ቢል ኖሮ ንጉሡ ራሱን ነቅንቆ “እውነት ነው” ይለው ነበር። ናታን ግን ስለ አንዲት በግ አወራለት። በጊቱ ከድሀው እንጀራ ትበላለች፣ ከዋንጫው ትጠጣለች፣ በብብቱ ትተኛለች። ባለጠጋውም የሚያርዳት እንግዳ ስለመጣበት ነው፤ እንግዳ ማስተናገድ ደግሞ ማንም የማይነቅፈው ወግ ነው። ዳዊት በቁጣ ፈርዶ ከጨረሰ በኋላ ነው “ያ ሰው አንተ ነህ” የተባለው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ፦ ስለ ዝሙትና ስለ ግድያ የተነገረ ታሪክ ነው፤ አልጋ ግን የለበትም፣ ያለው በግ ነው። ኃጢአትን እስከ ምን ድረስ ልግለጠው እያላችሁ ለምትጠይቁ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

እንግዲህ ወደ ካቦሽ እንምጣ። “ክፉ ነበር” አትበዪ፤ ሚዛኑን አሳዪን። ባዶው ቅርጫት ግማሽ ኪሎ ሆኖ ሳለ እርሱ ለቅርጫት ብሎ አንድ ኪሎ ይቀንሳል። እናቲቱ ጠዋትና ማታ ብታስመዝን በቀን አንድ ኪሎ፣ በ40 የለቀማ ቀን 40 ኪሎ እሸት ማለት ነው። ይኸው ሰው ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፣ ዘይት የበዛበትን ወጥ እንኳ የሚጸየፍ ይሁን። “አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው” (ምሳ. 11፥1) የሚለውን አንቺ መጻፍ አይጠበቅብሽም፤ አንባቢው ራሱ ይለዋል፤ ምናልባትም ሱቁ ያለችውን ሚዛን እያሰበ።

እናቲቱም ሰው ትሁን። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ ያልበሰለውን አረንጓዴ ከቀዩ ሥር ደብቃ ታስመዝን። ያኔ ታሪኩ ያስጨንቃል፤ ንስሐም ቦታ ያገኛል። ጎረቤቷ ደግሞ፣ ጅማ ላይ እንደመሆኑ፣ ሙስሊም ብትሆን ክፉዋን እርሷ አታድርጊያት፣ በመጨረሻው ገጽም ለማጥመቅ አትቸኩዪ። ጌታ የወደቀውን ያነሣውን ሰው ሳምራዊ ያደረገው በአጋጣሚ አይደለም።

ስለ ፍጻሜው በሉቃስ 15 ያለውን የጠፋውን ልጅ ምሳሌ አንብቢ። ታላቁ ልጅ ተቆጥቶ ደጅ ቆሟል፣ አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል፤ ይግባ አይግባ ሳይነገረን ምሳሌው ያበቃል። “ኃጢአተኞችን ይቀበላል” እያሉ ያጉረመረሙት ፈሪሳውያን እዚያው ቆመው ይሰሙ ነበርና መግባት አለመግባቱ የእነርሱ ድርሻ ነበር። ካቦውም ቅርጫቱን ይዞ እንዲሁ ሊቆም ይችላል።

አሁን አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ፤ ሐሰት በእውነት የሚገባው በእነዚህ በሮች ነውና። በስም በሚታወቅ ደብር ያልተደረገ ተአምር እንደተደረገ አድርገሽ አትጻፊ። አንዱ ገጹን ቆርጦ በቴሌግራም “ምስክርነት” ብሎ ይለቀዋል፤ በሽተኛ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ክፍል በክፍል የምትለቂው ከሆነ በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ “ልብ ወለድ” የሚለው ይኑር። ሁለተኛው ሐሜት ነው። የሰፈርሽን ሴት ስሟን ብቻ ለውጠሽ ሥራዋን፣ የልጆቿን ቁጥርና የቤቷን በር እንዳለ ከተውሽው ሂርማታ ገበያ የምትውል ሁሉ ታውቃታለች። በታሪክሽ ያለ ቄስም የሰማውን ኑዛዜ ለማንም አያውራ፤ ለልብ አንጠልጣይነት ብለሽ እንኳ አታድርጊው።

ሥርዓቱም ይጠበቅ፤ ታሪኩ እስከ ዐቢይ ጾም የሚዘልቅ ከሆነ ማኅሌቱ ላይ ከበሮ አታስመቺ። በዚያ ጊዜ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ የዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፍ የሆነው ጾመ ድጓ የሚዘመመው በመቋሚያ ነው። እንዲህ ያለውን የሚያውቅ አንባቢ አንዴ ከሳቀብሽ ሌላውንም አያምንሽም።

በጾም መጻፉ ከጸሎትሽ ሰዓት እስካልቆረሰ ድረስ አያስነውርም፤ የንስሐ አባትሽንም ሳታፍሪ ንገሪያቸው። የካቦውን ምዕራፍ ግን እንደገና ጀምሪው፤ ባዶውን ቅርጫት ብቻውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ካየበት ማለዳ ተነሺ።